ቀዳዳው ገጠመ፣ ምስሉ ግን አልመጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋዜጣችሁን ከዳር እስከ ዳር ከሚያነቡት አንዷ ነኝ። ሱቄ ውስጥ አንዱ ቅጂ ለሦስት ለአራት ሰው ይዞራል። ከዚያ የላሚኔሽን ማሽኑ ሥር ይነጠፋል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ አይደለም። ወይም ትንሽ ተቆጥቼ ነው።

ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ስለ ታይፕ ሲ፣ ማለትም አዳዲሶቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ላይ ስላለችው ትንሽ ሞላላ ቀዳዳ፣ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው «የገመድ ጣጣ አበቃ» ብለዋል። ከእንግዲህ የሚቀረው አንድ ቀዳዳ ነው፣ ቻርጁም ፋይሉም ወደ ስክሪን የሚሄደው ምስልም በዚያው ያልፋል፣ አውሮፓም በሕግ አስገድዳለች ነው ነገሩ። ሲነበብ ደስ ይላል። እኔ ግን ፕሮጀክተር አከራይ ነኝ። የገመድ ጣጣ ቢያበቃ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነበርኩ። እስካሁን አልሰማሁም።

ሱቁን የከፈትኩት በ2002 ዓ.ም. ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን። ፕሮጀክተሩ በኋላ የመጣ ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እኔ ጋ አስተይቦ ሲጨርስ «ፕሮጀክተርስ የለዎትም?» አለኝ። የለኝም አልኩት። ማታ ተኝቼ ሳስበው፣ ለምን አይኖረኝም አልኩ። ዛሬ ሦስት አሉኝ። ለሥልጠና፣ ለሠርግ፣ ለእድር ስብሰባ፣ ለጽዋ ማኅበር ሪፖርት ሳይቀር ይወጣሉ። ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከአንኮበር እስከ እነዋሪ ያልገባሁበት አዳራሽ ጥቂት ነው።

ከፕሮጀክተሩ ጋር ሁልጊዜ ግማሽ ማዳበሪያ ገመድ ይጓዛል። ቪጂኤ አለ። ኤችዲኤምአይ አለ። ዲቪአይ አለ። ዲስፕሌይ ፖርት አለ፤ ትንሿ ዲስፕሌይ ፖርት ደግሞ ለብቻዋ አለች። ሁሉም ከኮምፒውተር ወደ ስክሪን ምስል የሚወስዱ ናቸው፣ ቀዳዳቸው ግን ይለያያል። ይህን ወደዚያ፣ ያንን ወደዚህ የሚቀይሩ አዳፕተሮችም አሉ። ረዳቴ ማዳበሪያውን «አንጀት» ነው የሚለው። ሚኒባስ ስንሳፈር «እትዬ፣ አንጀቱን ይዘነዋል?» ይለኛል። ተሳፋሪው ሁሉ ይዞርብናል።

አሁን ወደ መሐል ሜዳ ልውሰዳችሁ።

ወሩ ኅዳር ነው። እኛ ደብረ ብርሃኖች ብርድ እናውቃለን ብለን እንመጻደቃለን። ጣርማበር ላይ ተገንጥሎ ወደ መንዝ የወጣ ሰው ግን ወሬውን ይቀንሳል። ሥልጠናው ስለ በግ እርባታ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ስልሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ በርኖስ ደርበው ከፊት ናቸው። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ወጣት ነው። ላፕቶፑ አዲስ ናት፣ እንደ ደብተር የሳሳች። ጎኗ ላይ ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳና የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው ያላት። «አዳፕተር ይዣለሁ፣ አያስቡ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይዟል። በአንድ በኩል ታይፕ ሲ፣ በሌላ በኩል ኤችዲኤምአይና የፍላሽ መሰኪያ ያላት ግራጫ ነገር።

ሰካት። ቀጥ ብላ ገባች። ግድግዳው ላይ ያው ሰማያዊ ብርሃን፣ መሐሉ ላይ ያው «ኖ ሲግናል»፣ ምንም ምስል አልደረሰኝም ማለቱ ነው።

ወደ ሌላኛው ቀዳዳ አዛወርናት። ያው ነው። የኤችዲኤምአይ ገመዱን ቀየርኩ። ምስሉን ወደ ፕሮጀክተር የሚልኩትን ሁለት ቁልፎች፣ ዊንዶውስና ፒ፣ ተጫንን። ላፕቶፑን አጥፍተን አበራን። ከአንጀቱ ውስጥ የራሴን አዳፕተር አወጣሁ፤ ከአምስት ላፕቶፕ ላይ አምስቱንም የሠራች ናት። ምንም። ግራ ያጋባኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያችው አዳፕተር ፍላሽ ሲሰካ ላፕቶፑ ያነበዋል። በዚያው ቀዳዳ ቻርጅ ሲደረግ ይቀበላል። ቀዳዳው አልሞተም ማለት ነው። ምስል ብቻ ነው የከለከለን።

ከፊት የተቀመጡ አንድ አባት ብዙ ከታገሡ በኋላ «ልጄ፣ ሶኬቱ ገብቶ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ገብቷል አባቴ።»

«ታዲያ ማን ከለከለው?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ለት አልነበረኝም ማለቴ ነው።

መጨረሻ ላይ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠን ወደ እኔ ላፕቶፕ አዞርነው። ስምንት ዓመት ያገለገለች ናት፣ ቪጂኤ አላት። የገመዱ አንደኛው ቡሎን ወልቋል፤ ረዳቴ ወረቀት አጥፎ ሸጎጠበት። ምስሉ ወዲያው መጣ። ሰዉ አጨበጨበ። ግን በጉ ቢጫ ነበር። ነጩ የመንዝ በግ እንደ ሽሮ ቢጫ ሆኖ ግድግዳው ላይ ቆመ። አሠልጣኙ ገና አፉን ሳይከፍት አንዱ ከኋላ «ይሄን የያዘው ምንድን ነው? ጉበቱን ነው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ገመዱን ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው በጉ ዳነ።

ቢጫ የሆነበትን ምክንያት አውቃለሁ። ቪጂኤ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየራሳቸው እግር አላቸው፤ እግር የምለው ሶኬቱ ውስጥ ምልክቱን የምታሳልፈውን ትንሽ ብረት ነው። ሰማያዊው ሳይነካ ሲቀር የሚተርፈው ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ቢጫ ይሆናሉ። አሮጌ ነገር እንዲህ ነው። ሲታመምም የት እንዳመመው ይነግርሃል። የዚያች አዲስ ላፕቶፕ ሕመም ግን ምልክት አልነበረውም።

ለአባታችን መልሱን ያገኘሁት ቤቴ ገብቼ የላፕቶፗን ሞዴል ካጣራሁ በኋላ ነው። ታይፕ ሲ የሚባለው የቀዳዳው ቅርጽ ነው። ውስጡ 24 እግር አለ። በእነዚህ እግሮች ምን እንደሚያልፍ ግን የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ፋብሪካ ነው። ፋይልና ቻርጅ ብቻ አሳልፎ ምስሉን ሊተወው ይችላል። ምስል እንዲያልፍ ከፈለገ «አልተርኔት ሞድ» የሚባለውን መጨመር አለበት፤ ያኔ ከእግሮቹ የተወሰኑት የዲስፕሌይ ፖርትን ምልክት ይሸከማሉ። መጨመሩ ግዴታ አይደለም። ያቺ ላፕቶፕ አልተጨመረላትም። እኛ ደግሞ የያዝናቸው አዳፕተሮች ሁለቱም ያንን የሚጠብቁ ናቸው። አባታችን፣ የከለከለው ፋብሪካው ነው።

የጋዜጣችሁ ጸሐፊ የዘለሏት ይህችን ነው። ቀዳዳው አንድ ሆነ። በውስጡ የሚነገረው ቋንቋ ግን አንድ አልሆነም።

ነገሩ ወደ ኋላ ሲሄዱበት ደግሞ ያስቃል። ዱሮ የነበረው የዚህ ግልባጭ ነው። ቪጂኤን አይቢኤም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ከፒኤስ ቱ ኮምፒውተሮቹ ጋር ነው። ባለ 15 እግር፣ በሦስት ረድፍ። የተሠራው ጀርባው እንደ ሳጥን ለወጣው ለዚያ ዘመን ስክሪን ነበር። ቀጫጭኖቹ ስክሪኖች ሲመጡ ቪጂኤ አስቸጋሪ ሆነ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስሉ ቁጥር ነው። ቀጭኑ ስክሪንም የሚፈልገው ቁጥር ነው። መሐል ላይ ቪጂኤ ቁጥሩን ወደ ሞገድ ያስለውጣል፣ ስክሪኑ ደግሞ ሞገዱን መልሶ ወደ ቁጥር ይገለብጣል። ሁለት የመንዝ ሰዎችን በአስተርጓሚ እንደ ማነጋገር ነው።

ስለዚህ በቀጥታ ቁጥሩን የሚያሳልፍ ገመድ ይሠራ ተባለ። ሦስት ቡድን ተነሳ። የስክሪን ደረጃ የሚያወጣው ቬሳ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕላግ ኤንድ ዲስፕሌይ የሚባለውን አወጣ። ይህኛው ምስሉን ብቻ ሳይሆን ዩኤስቢንም በዚያው ገመድ ልላክ ያለ ነበር፣ ልክ የዛሬው ታይፕ ሲ እንደሚለው። ኮምፒውተር ሠሪዎቹ ውድና የተወሳሰበ ሆነባቸው። ኮምፓክና አጋሮቹ ዲኤፍፒ የሚባል ቀለል ያለ ይዘው መጡ። እሱ ደግሞ ከ1280 በ1024 ነጥብ በላይ አይሄድም። ከዚያ ኢንቴል፣ አይቢኤም፣ ኤችፒ፣ ኮምፓክ ራሱና ሌሎቹ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1999 ዲቪአይን አወጡ። ያሸነፈው እሱ ነው። ካሸነፈባቸው ምክንያቶች አንዱ አሮጌውን አለመግፋቱ ይመስለኛል። ዲቪአይ አይ የሚባለው ዓይነት ላይ በጠፍጣፋዋ ምላስ ዙሪያ አራት ትናንሽ እግሮች አሉ። በእነሱ የቪጂኤው ሞገድም ያልፋል።

የሦስቱ ጠብ ግን ስለ ቀዳዳ ነበር። ውስጡ የሚሄደው ዲጂታል ምልክት አንድ ነው። ሲሊከን ኢሜጅ የሚባል ኩባንያ የፈጠረው፣ ቲኤምዲኤስ የሚባለው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር እግሮቹን የሚያገናኝ ቁራጭ ብቻ ይበቃ ነበር። ኤችዲኤምአይም እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሲወጣ ምስሉን የሚልከው በዚያው ነው። ለዚህ ነው ዛሬም ከዲቪአይ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ርካሽ ገመድ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራው። ድምፅ ላይመጣ ይችላል። ምስሉ ይመጣል።

ያኔ ቀዳዳው ሦስት፣ ቋንቋው አንድ። አሁን ቀዳዳው አንድ፣ ቋንቋው ብዙ። የቱ ይሻላል? ለእኔ ሥራ የቀድሞው። አልገጥምም ያለ ገመድ ሐቀኛ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳይሞላ፣ ገና ሱቅ ውስጥ ስናያይዘው ይነግረኛል። ገጥሞ ዝም የሚለው ነው ስልሳ ሰው ፊት የሚያዋርደኝ።

ዲስፕሌይ ፖርት ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። ቬሳ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። ኤችዲኤምአይን ያወጡት አብዛኞቹ ቴሌቪዥን ሠሪዎች ናቸው፤ ሂታቺ፣ ሶኒ፣ ቶሺባ፣ ፊሊፕስ፣ ቶምሰን፣ ያኔ ፓናሶኒክን ይሠራ የነበረው ማትሱሺታ፣ ከእነሱም ጋር ያው ሲሊከን ኢሜጅ። ዲስፕሌይ ፖርት ግን የኮምፒውተሮቹ ወገን ነው። ኤችዲኤምአይ ለመሥራት ፋብሪካው በየዓመቱ ክፍያ ይከፍላል፣ በሚያወጣው ዕቃ ቁጥር ደግሞ ሳንቲም ይጨምራል። ቬሳ ለዲስፕሌይ ፖርት እንዲህ ያለ የየዕቃ ክፍያ አይጠይቅም። ታዲያ ሁሉም ወደ ነፃው አልሄደም። ቴሌቪዥኖቹ ኤችዲኤምአይ ላይ ቀሩ። የቢሮ ሞኒተር ዲስፕሌይ ፖርትን ያዘ። ማዳበሪያዬ የሞላው በዚህ ጠብ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

የሁለቱ ምልክት ለየቅል ነው። ዲስፕሌይ ፖርት ምስሉን እንደ ኮምፒውተር ኔትወርክ በጥቅል በጥቅል ይልካል። ግን ብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለው ዲስፕሌይ ፖርት ሁለት ቋንቋ ይችላል፤ ኤችዲኤምአይ ከመጣበት በኤችዲኤምአይ ያወራል። በተቃራኒው አይሆንም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ዲስፕሌይ ፖርትኛ አይችልም።

ይህን የማያውቅ ስንቱ ገንዘቡን አቃጥሏል። አንድ ደንበኛዬ ለሱቁ ሁለተኛ እጅ ሞኒተር ገዛ። ሞኒተሩ ላይ ያለው ዲስፕሌይ ፖርትና ቪጂኤ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ ነው። በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ዲስፕሌይ ፖርት የሆነ ገመድ ገዝቶ መጣ። ልክክ ብሎ ገባ፣ ምስል የለም። ሞኒተሩ ተበላሽቷል ብሎ ሊመልሰው ነበር። ገመዱን አየሁት። ላስቲኩ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ» ይላል። «ወደ» የምትለዋ ቃል ቀልድ አይደለችም። ገመዱ የሚሄድ እንጂ የሚመለስ አይደለም። መመለሻውን የፈለገ መሐሉ ላይ ቺፕ ያለበት፣ ከዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ሌላ ዕቃ ይገዛል። ዋጋው የዚህን እጥፍ ነው። እዚያው ሞኒተር ላይ ግን ቪጂኤም ስላለ፣ በኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ አዳፕተር ገላገልኩት።

እሷም አዳፕተር ጣጣ አላት። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ ለመሄድ ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚቀይር ቺፕ የግድ ነው። ቺፑ ስለሚሠራ ቆየት ብለው ሲነኳት ሞቅ ትላለች። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ወርጄ፣ በአንድ ጫፍ ኤችዲኤምአይ በሌላው ቪጂኤ የሆኑ ገመዶችን በርካሽ አገኘሁ። አራት ገዛሁ። ስመለስ አንዱም አልሠራም። ተናድጄ አንዱን በቢላ ሰነጠቅኩት። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሽቦ ብቻ። ቺፕ የሚባል የለም። እንደዚህ ያለ ገመድ በምንም ተአምር ከላፕቶፕ ወደ ፕሮጀክተር ምስል አያሳይም። ሲሸጥ ግን ይሸጣል። ሦስቱ አሁን የልብስ ማስጫ ናቸው። ለብርድ ልብስ ሳይቀር ችለዋል።

በነገራችን ላይ ቪጂኤ ይሞታል ከተባለ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ ላይ ኢንቴልና ኤኤምዲ፣ ከዴል፣ ከሌኖቮ፣ ከሳምሰንግና ከኤልጂ ጋር ሆነው እስከ 2015 ድረስ እንደሚተውት አስታወቁ። በፈረንጆቹ 2015 ማለታቸው ነው። እሱም አለፈ፣ የእኛውም 2015 አለፈ። በየወረዳው አዳራሽ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ፕሮጀክተር ግን ዛሬም ቪጂኤ ይዞ ይጠብቀኛል። ፕሮጀክተር በአምፖል ቅያሬ አሥር ዓመት የሚኖር ዕቃ ነው። ላፕቶፕ በአራት በአምስት ዓመት ይቀየራል። የሁለቱ ዕድሜ እስኪገጥም የማዳበሪያው ሸክም አይቀርም።

ስለ አውሮፓው ሕግም አንድ ነገር ላስተካክል። ሕጉ አለ። ለስልክና ለመሳሰሉት እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራል፣ ለላፕቶፕ ደግሞ ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 ጀምሮ ነው የተወሰነው። ግን የሚያወራው ስለ ቻርጅ ነው። ዕቃው በታይፕ ሲ ቻርጅ ይደረግ ይላል። በዚያ ቀዳዳ ምስል ያሳልፍ አይልም። ጽሑፋችሁ ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል። ልጄ ጽሑፉን አንብቦ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ከቴሌቪዥናችን ጋር ሊያገናኝ አንድ ማታ ሙሉ ሲታገል አደረ። ቴሌቪዥናችን ታይፕ ሲ የለውም፣ ስለዚህ አዳፕተሬን ወስዶ ሞከረ። ስልኩ ምስል አያወጣም። አንዳንድ ስልክ ያወጣል፣ የብዙ ሰው ስልክ አያወጣም፤ ቀዳዳቸውን ጎን ለጎን አድርገህ ብታየው ልዩነት አታገኝም።

ገመዶቹም እንደዚያው ናቸው። ከስልክ ጋር የሚመጣው የታይፕ ሲ ገመድ ብዙ ጊዜ ለቻርጅና ለዝግ ያለ የፋይል ዝውውር የሚበቃውን ሽቦ ብቻ ነው የሚይዘው። ምስሉ የሚሄድባቸው ፈጣኖቹ ሽቦዎች የሉበትም። ላፕቶፑም ሞኒተሩም ምስል የሚችሉ ሆነው ገመዱ ብቻ ሊያስቀራቸው ይችላል።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን የተሳካለትንም ልናገር። አንድ መምህር ሱቄ መጥቶ ላፕቶፑን በአንድ ገመድ ብቻ ከሞኒተር ጋር ሲያያይዝ አየሁ። ምስሉ መጣ። በዚያው ገመድ ሞኒተሩ ላፕቶፑን ቻርጅ ያደርጋል። ሞኒተሩ ላይ የተሰካው ማውስም ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሽቦ የለም። ቀናሁ። እውነት ለመናገር ቆሜ አየሁት። ጸሐፊያችሁ ያዩት እንደዚህ ያለውን ከሆነ አልፈርድባቸውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ለፋብሪካዎቹ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዕቃ ለሚያስገዙ ግን እጽፋለሁ፤ ብዙዎቹ ጋዜጣችሁን ያነባሉ። ሱቄ የጨረታ ሰነድ ይተየባል። ስንት የላፕቶፕ መግዣ ዝርዝር በእጄ አልፏል። ኮር አይ ፋይቭ ይላል፣ ራም 8 ይላል፣ ቀለሙን የሚጠቅስም አጋጥሞኛል። «ከፕሮጀክተር ጋር በምን ይያያዛል?» የሚል አንድም አላየሁም። አንድ ሁለቴ ትየባው መሐል ላይ ቆሜ «ይህችን ብትጨምሩስ?» ብዬ ነበር። «አንቺ ዝም ብለሽ ተይቢ» ተባልኩ። ተየብኩ። ከመንፈቅ በኋላ እነዚያው ሰዎች አዳፕተር ሊከራዩ መጡ። አከራየኋቸው፣ ምን አደርጋለሁ።

መጨመር ያለባት መስመር አንድ ናት። «የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ያለው፤ ከሌለው የታይፕ ሲ ቀዳዳው ምስል የሚያሳልፍ፣ አዳፕተሩም አብሮ የሚቀርብ።» ይኸው ነው። ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ከመፈረም በፊት አዳራሹ ውስጥ ካለው ፕሮጀክተር ጋር አያይዞ ማየት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከገበያ የምትገዙ ደግሞ ቀዳዳውን አጠገቡ ካለው ምልክት ጋር እዩት። የዲ እና የፒ ፊደል ተጣምረው የተሳሉበት ወይም ባለ ቀስት የመብረቅ ምልክት ያለበት ምስል ያሳልፋል። የባትሪ ሥዕል ብቻ ያለበት ስለ ምስል የነገረን ነገር የለም። ምንም ያልተጻፈበት ደግሞ አለ፤ ብዙው እሱ ነው። ለዚያኛው ሻጩን ማመን ሳይሆን እዚያው ሱቅ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ሰክቶ ማየት። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም።

እኔ በበኩሌ የራሴን ምልክት አውጥቻለሁ። ቀይ ጥፍር ቀለም። ምስል ማሳለፉን በዓይኔ ያየሁት ገመድና አዳፕተር ሁሉ ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለበት። ቻርጅ ብቻ የሆነው ባዶውን ይቀራል። ረዳቴ መጀመሪያ ሳቀብኝ። አሁን ጨለማ ውስጥ በስልክ መብራት አንጀቱን ሲበረብር ቀይዋን ነው የሚፈልገው። መጠየቅ የምፈልገው፣ ከተቻለ በሚቀጥለው ጊዜ እነዚህን የጠቀስኳቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ በትክክለኛ መጠናቸው ሥዕላቸውን አትሙልን። ስማቸውን ከሥራቸው ጻፉበት። እኔ ጋ ላሚኔት ይደረግና በሩ ላይ ይለጠፋል። ይኸኛው ጋዜጣ ማሽን ሥር አይገባም።

ከመሰናበቴ በፊት የግል ጉዳይ ይፈቀድልኝ። ባለፈው ግንቦት ደነባ ላይ በነበረ የሁለት ቀን ሥልጠና አንዲት ነጭ የታይፕ ሲ አዳፕተር ከጠረጴዛ ላይ ጠፍታብኛለች። የወሰዳት ሰው አውቆ አይመስለኝም፤ ከራሱ ጋር ተመሳስላበት ነው። ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ አለባት። ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጣ ሰው ቢልክልኝ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤቷን ያላወቀ ባለባጃጅ የለም።

ከአክብሮት ጋር
ፕሮጀክተር አከራይዋ፣ ከደብረ ብርሃን